ለድንጋዩ የሚሆን ጥቅስ

ጥቅምት 4

ለተወደድሽው እህቴ፣ ለወንድሜ ባለቤት፤

ሰማይን ያለ ምሰሶ ያቆመ ጌታ ቤትሽን ይደግፍልሽ። አንቺ እንዴት ነሽ? እናታችንስ? ጉልበቷን ያማት ነበር፣ ተሻላት ወይ? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቼ ለስሙ ክብር ይሁንና ደኅና ነን። እዚህ በሰው አገር አውቶቡስ መንዳቴን ቀጥያለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ ጉባኤያችን እየበዛ ስለሄደ የተከራየነው አዳራሽ ጠቦናል።

ስልክ ስደውል አታነሺም። እናታችንን አገናኚኝ ብዬ መልእክት ብልክም መልስ የለም። ስለዚህ እንደ ድሮው ወደ ወረቀት ተመለስኩ።

የጻፍኩልሽ ስለ ወንድሜ የመቃብር ድንጋይ ነው። እሱን ያሳደግኩት እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። አባታችን ሲሞት እሱ ገና አፍንጫውን መጥረግ የማያውቅ ልጅ ነበር። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ፣ ጎማ ቤት ያስቀጠርኩት እኔ፣ ለአንቺም ሽማግሌ የላክሁለት እኔ ነኝ። ሳልቀብረው መቅረቴ እስካሁን እሳት ሆኖ ይበላኛል። ቢያንስ ድንጋዩን ላቁምለት። ወጪው በእኔ ነው። ከስሙ ሥር በትልልቁ «ለእግዚአብሔር የሚሳነው ነገር የለም» የሚል ይቀረጽ። ሕመሙ በጠናበት ሰሞን በስልክ የምንጽናናበት ቃል ይህ ነበር።

«ታዲያ ወንድምህ ለምን ሞተ?» እያሉ የሚያሽሟጥጡ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ድንጋዩ አፋቸውን ይዝጋው።

አይዞሽ፣ በርቺ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 28

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እናትዎ ደኅና ናቸው፤ ጉልበታቸው እንደነበረ ነው።

ስልክ የማላነሳው ንቄዎ አይደለም። ስልክ ላይ ድምፅዎ ይረታኛል። እርስዎ ሲናገሩ አፌ ይያያዛል፤ መልሱ የሚመጣልኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ወረቀት ላይ ግን አያቋርጡኝም።

እንዳዘዙኝ ድንጋይ ቀራጩ ጋ ሄጄ ነበር። ሥራ ቦታው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ነው፤ አቧራው ሰውየውን እስከ ቅንድቡ አንጥቶታል። ጥቅስዎን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ ድንጋዩ ላይ መንደፍ ጀመረ። «ለእግዚአብሔር የሚ» እስከሚል ድረስ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ደጅ ወጥቼ ግድግዳው ሥር አስመለስኩ። የቀን ሠራተኞች ቆመው ያዩኝ ነበር። አፌን ጠርጌ ተመለስኩና «ተወው፣ አጥፋው» አልኩት።

«ምነው፣ ፊደል ሳትኩ እንዴ?» አለኝ።

«አንተ አልሳትክም» አልኩት።

ወንድም ጋሼ፣ ሌላ ጥቅስ ይምረጡ። ካልሆነም ያለ ጥቅስ ይቅር።

«ለምን?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እርስዎ የሰሙት ድምፁን ብቻ ነው። እኔ ሽታው ውስጥ ነው የኖርኩት። ከአሮጌ ጎማ የወጣ ሽቦ ተረከዙን ሲወጋው አልተሰማውም፤ ስኳሩ እግሩን አደንዝዞት ነበር። ቁስሉ ሲያመረቅዝም «ምንም አይደል» እያለ ጎማ ሲያገላብጥ ከረመ። በኋላ ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አልተቻለም። ሽታው ፍራሹ ውስጥ፣ መጋረጃው ውስጥ፣ ሊጥ ውስጥ ሳይቀር ገባ። መጋረጃውን አጠብኩት፣ ደግሜ አጠብኩት፣ በመጨረሻ አውጥቼ አቃጠልኩት። እርስዎ «ሄዳችሁ ጸልዩለት» ብለው የላኳቸው ሰዎችም መጡ። ገብተው አልተቀመጡም። በሩ ላይ ተደርድረው፣ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው፣ «ለእርሱ ሁሉ ይቻለዋል» እያሉ ዘመሩ። ወንድም ጋሼ፣ አፍንጫቸውን ይዘው ነው የዘመሩት። እሱ አልጋው ላይ ሆኖ «ይግቡ እንጂ፣ ወንበር ስጫቸው» ይለኝ ነበር።

ያ ነገር ዓይኔ ላይ ቀርቷል። ድንጋይ ላይ እንደገና ላየው አልፈልግም።

እናትዎ ሰላም ይሉዎታል።

የወንድምዎ ሚስት


ኅዳር 15

ለእህቴ፤

የሚያጽናና መንፈስ ከአንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽን ባለቤቴ እንዳታየው ደብቄ አነበብኩት። የወንድሜን ገላ በዚያ ዓይነት ቃል ማንሳትሽ አሳፈረኝ። ስለ ሞተ ሰው እንዲህ አይጻፍም። የጉባኤ ወዳጆቼም ሥራቸውን ትተው፣ መንገድ አቋርጠው የመጡ ናቸው። ምስጋና ሲገባቸው አፍንጫቸውን ትቆጥሪባቸዋለሽ?

ማስመለስሽን እንደ ኀዘን ቆጥሬዋለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ሳልነግርሽ ባልፍ እጠየቅበታለሁ። እግዚአብሔር ወንድሜን መፈወስ አቅቶት አይደለም። ጌታችን ራሱ ባደገበት ከተማ ተአምር ሊያደርግ እንዳልቻለ አላነበብሽም? ለምን? ሰዎቹ ስላላመኑ ነው። እምነት በሌለበት ኃይል አይሠራም። እኔ ማንንም አልከስም። ሆኖም በአንድ ቤት ሁለት ልብ ሲኖር ምን ይሆናል? እሱ በቃሉ ተደግፎ ተኝቶ ሳለ አንቺ የሐኪም ቀጠሮ ታስይዢ ነበር። በጸሎታችን መካከል ፋሻ ልቀይር ብለሽ ስልኩን ስንቴ አስዘጋሽው? ራስሽን መርምሪ። ፈርቼልሽ ነው የምነግርሽ።

ንጉሡን አሳን አስቢ። በእግሩ ታመመ፤ በሕመሙ እግዚአብሔርን ትቶ ባለመድኃኒቶችን ፈለገ፤ ሞተም። ወንድሜ ግን የአሳን መንገድ አልሄደም። ሙሉ እግሩን ይዞ ወደ ፈጣሪው ሄደ። በዚህ እኮራበታለሁ።

ቀራጩን በጥቅሱ ይቀጥል በይው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 2

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፤

ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይሁን።

«ራስሽን መርምሪ» ስላሉኝ መረመርኩ። በፋብሪካው ስፌት ክፍላችን ውስጥ ለምሳ ማሽኖቹ ሲቆሙ የወንድምዎን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጬ እቀመጣለሁ። አጠገቤ የሸሚዝ ኮሌታ የምትገጥመው «ምነው፣ ልትመነኩሺ ነው እንዴ?» ትለኛለች። ገጾቹ ላይ አሁንም የጎማ ጥቀርሻ ያለበት የጣት አሻራው አለ።

የጠቀሱትን አገኘሁት። እንዳሉት ነው፤ ስላላመኑ ተአምር ሊያደርግ አልቻለም ይላል። ሳገላብጥ መሳፍንት መጀመሪያ ላይ ሌላ አገኘሁ። እግዚአብሔር ከይሁዳ ጋር ነበረ፤ ተራራውን ወረሱ፤ የሸለቆውን ሰዎች ግን የብረት ሰረገላ ስለነበራቸው ማስወጣት አልተቻለም። ደግሜ አነበብኩት። ወደ ወንጌሉ ተመልሼ ትንሽ ገጽ ስዘል ደግሞ የእርስዎ ጥቅስ አለ፤ የሚሳነው የለም ይላል። እኔ የተማርኩ አይደለሁም። እነዚህን የሚያስታርቅ ሰው ይኖራል፤ ያስታርቅ። እኔን ያስጠላኝ እርስዎ የሚጠቀሙበት መንገድ ነው። ወንድምዎ ለመዳን ሆስፒታል ሲገባ «ሁሉን ይችላል» የሚለውን መዘዙ። ሲሞት «አልቻለም» የሚለውን መዘዙ፤ ያላስቻለውም እኔ ሆንኩ። ወንድም ጋሼ፣ እኔ ማን ነኝ? የሸሚዝ እጅጌ ስገጥም የምውል ሴት ነኝ። ሰማይና ምድርን የሠራ ጌታ የእኔ ጥርጣሬ እጁን ይዞ አስቀረው? እንዲያ ከሆነማ እኔን ነበር ማምለክ የነበረባችሁ።

ፈጣሪዬ ይቅር ይበለኝ። የጻፍኩትን ግን አልሰርዘውም።

ያን ዕለት ሆስፒታል የሆነውን እርስዎ የሚያውቁት በስልክ ጫፍ ነው። ስለዚህ እኔ ልንገርዎ። ሐኪሟ ወጣት ናት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሳትቸኩል፣ «ከጉልበትዎ በታች ብንቆርጠው ይተርፋሉ። ከዘገየን መርዙ ወደ ደምዎ ይገባል፤ ያኔ ምንም ማድረግ አንችልም» አለችው። ወንድምዎም «ጎማ የሚጠገነው በእጅ ነው፤ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ እሠራለሁ» አላት። ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። «ተስማምቻለሁ» አላት፤ እኔን ደግሞ «ይሄን የገማ ነገር ተገላገልሽው» አለኝ።

የኦፕራሲዮኑን ልብስ አልብሰውት ተሸካሚ አልጋው እስኪመጣ ስንጠብቅ ስልኩ ጮኸ። እርስዎ ነበሩ። ስልኩን ትራሱ ላይ ስላስቀመጠው ክፍሉ በሙሉ ይሰማ ነበር። «አሳን አስታውስ! አሳም በእግሩ ነው የታመመው፣ አንተም በእግርህ ነው!» አሉት። «ከተቆረጥክ እግዚአብሔር አቃተው ብለህ መመስከርህ ነው» አሉት። እሱ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞሮ «ሱሪዬን አቀብዪኝ» አለኝ።

«ለምን?»

«ጋሼ እንዲያ ካለ...» አለና አልጨረሰውም።

ሐኪሟ እስከ ኮሪደሩ ተከትላን መጣች። «እባክሽ አንቺ አስረጂው እንጂ!» አለችኝ። እጁን ያዝኩት፣ ለመንኩት፣ ጮህኩበት። የከባድ መኪና ጎማ ብቻውን የሚያነሳ ሰው በእርስዎ ድምፅ ፊት የሚሸሽበት አጥቶ እንደ ሕፃን ሆነ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየልኝ።

ይህንን ሁሉ እያወቅኩ ያንን ጥቅስ በላዩ ላይ አላስቀርጽም።

የወንድምዎ ሚስት


ጥር 10

ለእህቴ፤

የዘመናት ጌታ ሰላሙን ያብዛልሽ። መልሴ የዘገየው ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ከሥራም ስለቀረሁ ነው። አሁን ደኅና ነኝ።

ደብዳቤሽ ቁጣ ነው፤ ቁጣ ደግሞ መጽሐፍን አሳስቶ ያስነብባል። ያነሳሽውን አንድ በአንድ መመለስ ግዴታዬ ነው። የሸለቆውን ሰዎች ማስወጣት ያልቻለው ይሁዳ ነው እንጂ እግዚአብሔር አይደለም። ቆም ብለሽ ብታነቢው ይገባሽ ነበር። ብረቱን አይተው የፈሩት ሰዎቹ ናቸው። እግዚአብሔር የማይችለው ነገር እንዳለም ራሱ መጽሐፉ ይናገራል፤ ሊዋሽ አይችልም፤ ራሱን ሊክድ አይችልም። ይህ ግን ድካም አይባልም። ኃይሉን ያጠረው የራሱ ፈቃድ ነው፤ ሌላ ማንም አይደለም። ስለዚህ «ይችላል» እና «አልቻለም» የሚሉት አይጣሉም። የሚጣሉት በአንቺ ልብ ውስጥ ነው።

ስለዚያ ዕለት የጻፍሽውን አልክድም። ያልኩትን ብያለሁ። በፍቅር ነው ያልኩት።

አሁን ወደ አስቸኳዩ ነገር ልምጣ። እናታችን በጎረቤት ስልክ ደውላልኝ ነበር። የእግር ጣቷ እንደጠቆረ፣ ለአንቺ እንዳልነገረችሽ፣ ሌሊት ሌሊት እንደሚያቃጥላት አልቅሳ አጫወተችኝ። አብረን ጸለይን፤ የአሳንም ታሪክ አነበብኩላት። በርትታለች። አደራሽን፣ ወደዚያ ሆስፒታል እንዳትወስጃት። ከቤታችን አንድ ሰው በእምነት ሞቷል፤ ሁለተኛዋን ደግሞ በእምነት እናድናታለን። እንዳትጠራጠሪብን ብቻ።

የድንጋዩን ነገር አስቤበታለሁ። በትልቁ ከከበደሽ ጥቅሱ በትንንሽ ፊደል ከታች ይሁን።

ወንድምሽ


ጥር 24

ሰላምታ አልጽፍም። የምጽፈው ሰላምታ የለኝም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከሥራ ስወጣ ነው። በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ቤት ገብቼ የእናትህን ካልሲ አወለቅኩ። እግራቸውን ሊሸሽጉኝ ብርድ ልብሱን ይጎትቱ ነበር። ትንሿ ጣት ጠቁራለች፣ አጠገቧ ያለችው ወይባለች፤ ያ ሽታ ገና ከሩቅ እየመጣ ነው። የማልረሳው ሽታ ነው።

ስልክ አነሳሁ። ድምፅህ ይረታኛል ብዬ የፈራሁትን ሁሉ ረስቼ፣ «እናትህን ተውልኝ» ልልህ ነበር የደወልኩት። ያነሳችው ባለቤትህ ናት።

«እትዬ፣ ጋሼ አለ?»

«መታጠቢያ ቤት ነው። ትንሽ ይቆያል እህቴ፣ ቁስሉን ውኃ እንዳይነካበት በላስቲክ እየጠቀለለ ነው።»

«የምን ቁስል?»

«የእግሩ ነዋ። ሰኔ ላይ ጣቶቹን የቆረጡለት ቦታ እንደገና ከፍቶበት ሰሞኑን ተኝቶ ነበር እኮ። ስኳሩ ነው ያስቸገረው። አልነገራችሁም እንዴ?»

«አልነገረንም» አልኳት። የተናገረችው ያኔ ገባት መሰለኝ። «በሞቴ፣ እኔ ነገርኩሽ እንዳትይ» አለች። አዝንላታለሁ። ግን ይኸው፣ እሷ ናት የነገረችኝ።

ሰኔ ላይ አንተ ተኝተህ ተቆረጥክ። ነሐሴ ላይ፣ ያውም ጠባሳህ ሳይደርቅ፣ ወንድምህን ከኦፕራሲዮን አልጋ ላይ አስወረድከው። አሳ፣ አሳ እያልክ! ዓይንህን በጨው ታጥበህ ለመቃብሩ ጥቅስ መረጥክለት። «ሙሉ እግሩን ይዞ ሄደ፣ እኮራበታለሁ» ብለህ ጻፍክልኝ። ጎዶሎ እግርህን ጫማ ውስጥ ደብቀህ! በእኔ ጥርጣሬ አሳበብክ፤ እኔም ሞኝ ነኝ፣ ስንት ሌሊት ትራስ ነክሼ «ምናልባት እኔ ነኝ የገደልኩት» ብያለሁ።

«አንቱ» ልልህ ሞከርኩ። ብዕሩ እምቢ አለኝ።

ወንድምህን ሳጥበው ተጸይፌው አላውቅም። መግሉን በእጄ ጠርጌያለሁ፣ ትል አውጥቼለታለሁ፤ የምወደው ሰው ገላ ነበር። አንተን ግን ተጸየፍኩህ። ደብዳቤዎችህን ከልብስ ጋር ላስቀምጣቸው አልቻልኩም፤ አውጥቼ ከከሰሉ ጆንያ ጀርባ ጣልኳቸው።

እናትህ ሆስፒታል አልሄድም ብለው ነበር። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ነገ እንሂድ።»

«አሳስ?» አሉኝ።

«‹እግርህ ብታሰናክልህ ቁረጣት› የሚልም አለ።»

«እሱ ስለ ኃጢአት ነው እንጂ ስለ ቁስል አይደለም።»

«አሳም ስለ ንጉሥ ነው እማማ። እርስዎ ንጉሥ ነዎት?»

ሊስቁ ነበር፤ መልሰው ዋጡት። «ልጄ ካልሆነማ አይሆንም» አሉ። ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ልጅዎ ሰኔ ላይ ጣቶቹን ተቆርጧል፣ በሐኪም እጅ ነው የዳነው አልኳቸው። የሚጮሁ፣ የሚረግሙህ መስሎኝ ነበር። «የትኛው እግሩ ነው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «የቤቱን ያን ሁሉ ደረጃ እንዴት ይወጣል ታዲያ? አውቶቡሱንስ እንዴት ይነዳል?» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ፤ ለአንተ ይሁን ለወንድምህ አልጠየቅኳቸውም። ቆይተው፣ ነጠላውን ሳያነሱ፣ «ጠዋት ቀስቅሺኝ» አሉኝ።

ነገ ይዣቸው እሄዳለሁ። እንዳትደውል።


የካቲት 12

ለወንድሜ ባለቤት፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

«አንተ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። በዕድሜዬ ከእኔ የሚያንስ ሰው እንዲህ ደፍሮኝ አያውቅም። ኀዘንሽን አስቤ አልፌዋለሁ።

አዎ፣ ተቆርጫለሁ። ሐኪሞቹ ካልተቆረጥክ ትሞታለህ አሉኝ። ልጆች አሉኝ፣ ጉባኤ አለብኝ። በትኩሳት ራሴን ስቼ ስለነበር ውሳኔውም የእኔ ብቻ አልነበረም። እግዚአብሔር ለሁሉም በአንድ መንገድ አይሠራም። ሕዝቅያስን በበለስ ጥፍጥፍ አዳነው፤ ሌላውን በቃል ብቻ። ለእኔ የከፈተው በር ለወንድሜ የታሰበው ላይሆን ይችላል። ከአልጋ ስነሳ ግን በራሴ አፈርኩ። ያን ያህል ስሰብክ ኖሬ ቢላዋ ሲመጣ «እሺ» አልኩ። ወንድሜ ሲታመም፣ እኔ ያጣሁትን እምነት በእሱ ላይ ለማየት ጓጓሁ ብልሽ ይገባሻል? እሱ ከልጅነቱ ከእኔ የተሻለ ልብ ነበረው።

ለማንኛውም ያለፈው አልፏል። አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እዚህ በእኔ ቃል የቆሙ ብዙ ነፍሳት አሉ። ይህ ነገር ቢሰማ ይሰናከላሉ፤ የእነሱ ዕዳ በአንቺ ላይ ይሆናል። እናታችንም ለጎረቤት እንዳታወራ ምከሪያት። ድንጋዩን እንደወደድሽ አድርጊው። ጥቅሱ ቢቀርም ቅር አይለኝም። ለእናታችን ሕክምና የሚያስፈልገውን ሁሉ እልካለሁ። ነገሩ ብቻ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር።

እናታችን እንዴት ሆነች? ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 1

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፤

ሰላም ይሁንልዎ። አንቱታውን የመለስኩልዎ አክብሬዎት አይደለም። «አንተ» የቅርብ ሰው ይባልበታል፤ እኔ ደግሞ ከእርስዎ መራቅ ፈለግኩ።

እናትዎ ተርፈዋል። የተቆረጡት ሁለቱ ጣቶች ብቻ ናቸው፤ በጊዜ ነው የደረስነው። የቆረጠቻቸው ያችው ሐኪም ናት። እንዳየችኝ አወቀችኝና ስለ ባለቤቴ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ያጠለቀችውን ጓንት አውልቃ ጣለች፣ አዲስ አጠለቀች፣ «እናትየዋን አስገቧቸው» አለች። እናትዎ አሁን ቤት ናቸው። በከዘራ እስከ በሩ ይሄዳሉ፤ ሳላያቸውም እስከ ጎረቤት ይሻገራሉ። እዚያ ምን እንደሚያወሩ አልጠይቃቸውም። እናትን አፍ ማስያዝ የእኔ ሥራ አይደለም።

እኔም ጉባኤዎን ፈልጌ አልሄድም። የጠየቀኝ ሰው ካለ ግን አልዋሽም። ባለቤትዎን እንዳይቆጧት።

ደብዳቤዎን ደግሜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ያንን ጥቅስ አልቀበልም ስል ቃሉን የናቅኩ አደረጉኝ። ለእኔ ኀዘን ብለው አንዲት ፊደል አልቀነሱም። የራስዎ ስም ሲነካ ግን «ቢቀርም ቅር አይለኝም» አሉ። የእግዚአብሔርን ቃል በእኔ ዝምታ ሊለውጡት አቀረቡ፤ እንደ ገበያ ሰው ምርቃት መጠየቅ ብቻ ነው የቀረዎት። ከእኛ ማን ነው ቃሉን የናቀው?

ድንጋዩ ቆሟል። ስሙ ተጽፎበታል፤ ከስሙ ሥር «ጎሚስታ» ይላል። ቀራጩ «ባዶው በዛ፤ አንድ መስመር በነፃ ልጨምርልሽ» ብሎኝ ነበር። ባዶውን ተወው አልኩት።

ስለ ይሁዳና ስለ ሰረገላው የጻፉልኝን ተመልሼ አየሁት። ያልቻለው ይሁዳ ነው ያሉት ልክ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አልከራከርዎትም። እግዚአብሔር ምን እንደሚችል፣ ምንስ ራሱን እንደሚከለክል እኔ አላውቅም። መጽሐፉም በአንድ አፍ አልነገረኝም፤ ሳይነግረኝ ብኖርም እኖራለሁ። እርስዎ ግን ይችሉ ነበር። ስልኩ ትራሱ ላይ ነበር፤ ሁላችንም እንሰማዎት ነበር። «ወንድሜ፣ እኔም ተቆርጫለሁ፤ አያምም፣ አይዞህ፣ ተኛ» ማለት ይችሉ ነበር። እሱም «እሺ ጋሼ» ይልዎት ነበር። የብረት ሰረገላ አልቆመብዎትም።

ከእኔ ይህ የመጨረሻው ነው። እናትዎ አጠገቤ ተቀምጠው «የእኔንም ጻፊልኝ» ስላሉኝ ቃላቸውን እንዳለ አስፍሬዋለሁ።

የወንድምዎ ሚስት

«ልጄ፣ እኔ ደኅና ነኝ፤ ቁስሌ ጠጓል። አንተም ያንተን በየጊዜው ለሐኪም አሳይ፤ አትደብቅ። አንዱን ልጄን ቀብሬዋለሁ፤ ሁለተኛ አፈር አላለብስም። በምን እንደተቀየምኩህ ታውቀዋለህ፤ አልደግምልህም። መደወል ከፈለግክ ደውል፤ እናትህ ነኝ፣ አነሳልሃለሁ። ከእንግዲህ ግን ስንጸልይ የምጸልየው እኔ ነኝ። አንተ አሜን ትላለህ።»